ጋሽ ይመር ጊታራቸውን እንደ በሬ የሸጡ ጊዜ

ጋሽ ይመርን ቀብሮ የተመለሰው ሰው ገና እጁን ሳይታጠብ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ተጀመረ።

«ያችን ጊታር ባይሸጡ ኖሮ ዛሬም እዚህ ነበሩ» አለች ከጎኔ የተቀመጠች ጎረቤት።

«መሸጡስ ይሁን» አለ ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ፤ «ገመዷንም አሳልፈው ሰጡ እኮ! ገመድ ይሰጣል እንዴ? በረካን ጠቅልሎ ለሰው ማሸከም ነው።»

ሦስት አራት ራስ ተነቀነቀ። እኔ ለቅሶ ቤት አፌን እንድይዝ ተመክሬ ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ምክሩ ግን ያን ዕለት አልያዘም። «ጋሽ ይመር የሞቱት በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ልባቸው ደክሞ ነው። ጊታር ሰው ገደለች ሲባል ገና ዛሬ መስማቴ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ልጃቸው ዘሃራ በዓይኗ ለመነችኝ። ለእሷ ስል ዝም አልኩ። ያን ጊዜ የዋጥኩት ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወርድ ብሎኛል። ስለዚህ ጊታሯ ለምን እንደተሸጠች፣ ገመዷም ለምን እንደተሰጠ፣ ያየሁትን እጽፈዋለሁ። የፈለገ ራሱን ይነቅንቅ።

ብርቄ እባላለሁ፤ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ሸዋ ሮቢት፣ ጋሽ ይመር ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ጋሽ ይመር የውኃ ፓምፕ መካኒክ ነበሩ። ከሮቢት እስከ ጀውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ፣ ፓምፑ ማስነጠስ ሲጀምር የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በነጭ ካናቴራ፣ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መፍቻ አያነሱም። መጀመሪያ ያዳምጣሉ። ገበሬው ቸኩሎ «ምን ሆኖብኝ ነው ጋሼ?» ካለ፣ «አንተ ዝም ካልክ እሱ ይነግረኛል» ይሉታል። ከዚያ አንዲት ቡለን ያጠብቃሉ፤ ሞተሩም ይነሳል። ብዙ ሰው ያደንቃቸው ነበር፤ የሚወዳቸው ግን ጥቂት ነው። ምላሳቸው አያስወድድም ነበር። ለቀበሌ ሊቀመንበሩም፣ ለሀብታሙም፣ ለእኔም ያው አንድ ምላስ ነው ያላቸው፤ ለማንም ሲሉ አያለዝቡትም።

እልኸኛ ነበሩ። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም፤ ያለ እልህ ያቺን ጊታር አርባ ዓመት ማቆየት አይቻልም ነበር።

ጊታሯን ያገኟት ጎልማሳ ሳሉ፣ በመንግሥት እርሻ ላይ ሲሠሩ ነው። እዚያ የመስኖ ሥራ ሊያሠለጥን የመጣ አንድ ኩባዊ መሐንዲስ ነበር። ቀን ቀን ፓምፕ ያስተምራቸዋል፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ጊታር። ጊታሯን በእጁ የሠራት የመሐንዲሱ አጎት ነው። ከፊት ባለው ክብ ቀዳዳ አጮልቆ ያየ ሰው፣ አጎትየው ስሙን በብዕር የጻፈባትን ቢጫ ወረቀት ከሆዷ ውስጥ ተለጥፋ ያያታል። መሐንዲሱ አገሩ ሊመለስ ሲል «ውሰዳት፣ ስጦታዬ ናት» አላቸው። ጋሽ ይመር እምቢ አሉ። ሁለቱ ሰዎች ሦስት ቀን ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ይመር በዓለም ላይ ያለቻቸውን አንዲት ንብረት፣ ብስክሌታቸውን፣ ሰጥተው ጊታሯን ወሰዱ። ኩባዊው ብስክሌቱን የት እንዳደረሰው አላህ ይወቅ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራ የሄዱት በእግራቸው ነው።

ሰፈሩ «የጋሽ ይመር ክራር» ይላት ነበር። ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ክራርን አልናቅኩም» አሉኝ አንድ ቀን፤ «ግን ላሟን በሬ ብለሽ ከጠራሻት ማን ያልባታል?»

የሚጫወቱት ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ትንሽ ላላ ሲል ነው። ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማ ያወጣሉ፤ ክሮቿን በጥፍር ሳይሆን በጣታቸው ሥጋ እየነኩ ይጀምራሉ። ኩባዊው ያስተማራቸውን የባሕር ማዶ ዜማ ይዘው ይነሱና፣ ጥቂት ቆይተው ባቲ ቅኝት ውስጥ ገብተው ይገኛሉ። እኔ ሽንኩርቴን እየለየሁ እሰማለሁ። ከበሰበሰው ጋር ደህናውን የጣልኩበት ቀን ብዙ ነው።

ረመዳን ሲገባ ክሮቿን ያላሉና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስተኟታል። «እሷም ትጹም» ይላሉ። ይህን እያወቀ አንድ አጥባቂ ጎረቤት «ጋሽ ይመር፣ በዚህ ዕድሜዎ ክር ከመነካካት...» ብሎ ሲጀምራቸው፣ «አንተ ከአላህ ጋር ያለህን ጉዳይ ጨርሰህ ነው የእኔን የያዝከው?» አሉት። ሰውየው አልጨረሰም መሰለኝ፣ ተመልሶ አልመጣም።

ሌላ ጊዜ አንድ የደለበ ሽንኩርት ነጋዴ (የሙያ ጓደኞቼን አልከላከልም) ልጁን ሲድር እንዲጫወቱለት ሊለምናቸው መጣ።

«ተቀምጦ የሚያዳምጠኝ ሰው አለ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰውማ ይጨፍራል! ይሸልምዎታል! ግንባርዎ ላይ የሚለጠፈውን ብር ቆጥረው አይዘልቁትም።»

«ግንባሬ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም» ብለው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ነኝ ሻይ ሰጥቼ የሸኘሁት።

ጦርነቱ ወደ ከተማችን በቀረበ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ዳገቱን ይዞ ወደ ደብረ ሲና ወጣ። ፍራሽ የተሸከመ አለ፤ ቴሌቪዥን ያዘለ አለ። ጋሽ ይመር ጊታሯን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አዘሏት። ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ አስቆመን፤ ጋቢውን አስፈታና አየ። ፍተሻው ሰልችቶት መሰለኝ ፈገግ ብሎ «በሉ እስቲ አባት፣ አንድ ዘፈን ያሰሙንና ይለፉ» አላቸው። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ።

«ባክዎ ጋሼ፣ አንዴ ነክተው እንለፍ» አልኳቸው በጆሯቸው።

አልሰሙኝም። «ፈትሽ ተብለህ ታዘሃል፤ ፈትሽ» አሉት ታጣቂውን። «አዘፍን ብሎ ያዘዘህ ግን የለም።»

ሰውየው ትንሽ አፍጥጦ አያቸውና ሳቀ፤ እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። እስከ ጣርማ በር ድረስ አኩርፌ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ተፈናቃዩ በተጠለለበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ብርዱ ሰውን ሁሉ ኩርምት ባደረገበት ሰዓት፣ ማንም ሳይለምናቸው ጊታሯን አውጥተው እስኪመሽ ተጫወቱ። ያን ጊዜ ኩርፊያዬ ወጣልኝ።

ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ነው የግራ እጃቸው ጣቶች አልታዘዝ ማለት የጀመሩት። ሐኪም የስኳር በሽታው ጣጣ ነው አላቸው። ጣቶቹ መጀመሪያ ደነዘዙ፤ ከዚያ ገተሩ። መፍቻ መያዝ ይችላሉ፤ ክር ግን መጫን አይችሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሥር ሰዓት በኋላ በርጩማቸውን ያወጣሉ፣ ጊታሯን ይቃኟታል፣ ከዚያ ሳይጫወቱ መልሰው ሳጥኗ ውስጥ ያስገቧታል። ያንን ማየት ይከብደኝ ነበር። ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ጓሮ መዞር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ዘሃራንና እኔን ጠርተው «ልሸጣት ነው» አሉ።

ዘሃራ ክው አለች። «አባዬ፣ ምን ጎደለብን? ሸጡ ቢባል ሰው ምን ይለናል? ለትምህርት ቤት ይስጧት፤ ስምዎ ይጻፍባታል።»

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ዘሃራ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፓምፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። በነጻ የተተከለ ፓምፕ ዓመት ሳይሞላው ዝጎ፣ ፍየል ሲታከክበት ነው የማገኘው። ገበሬው ወይፈኑን ሸጦ የገዛውን ፓምፕ ግን ዝናብ ሲመጣ የገዛ ጋቢውን አውልቆ ያለብሰዋል። እኔም ብስክሌቴን ባልከፍልባት ኖሮ ጣቴ ደምቶ እስኪጠነክር አልታገሣትም ነበር። የሰጧት ቀን ጥግ ትቆማለች። የገዛት ሰው ይጫወትባታል። እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።»

ገንዘብ አምሯቸው የሸጧት ለሚመስለው ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው። ጋሽ ይመር የፈለጉት ጊታሯ ስትጮህ እንድትኖር ነው፤ ዝም ብላ እንዳትቀር ነው የፈሩት።

ስለዚህ እንደ በሬ ሊሸጧት ወሰኑ። በእኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ጠምዶ ያርስበታል፣ ከዚያ ነው ለስምምነት እጅ የሚመታው። ጋሽ ይመር ግን ነገሩን ገለበጡት። ገዢው በሬውን መመርመሩ ቀርቶ፣ ሻጩ ገዢውን መረመሩ።

መጀመሪያ የመጣው በአውራ ጎዳናው ላይ አዲስ ሆቴል የከፈተ ሰው ነው። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ።

«እንግዳ መቀበያው ላይ በመስታወት ሳጥን አስቀምጣታለሁ» አለ። «መብራት አበራባታለሁ። ከሥሯ የእርስዎ ስም ይጻፋል። አገር ያያታል ጋሼ!»

«እጅህን አሳየኝ።»

ግራ ገብቶት ዘረጋላቸው። የጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እንደ ጥጥ ለስልሷል።

«በሬ ገዝተህ ሳሎንህ ውስጥ ታቆማለህ?» አሉት።

ሰውየው ንግግሩ የዋጋ መስሎት ጨመረ፤ እንደገናም ጨመረ። እኔ የቤታቸውን ጣሪያ አውቃለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ስንት ቦታ ጣሳ እንደምንደቅን አውቃለሁ። በልቤ «እሺ በሉት» እላለሁ። እሳቸው ግን ሳጥኑን ከደኑና «መንገዱን ብርቄ ታሳይሃለች» አሉት።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ አሮጌ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱስ አክብሮት ነበረው። በስልኩ መብራት ሆዷ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ደጋግሞ ሲያነብ አይቻለሁ። «ጋሼ፣ ይህች የቤት ዋጋ ታወጣለች። ውጭ አገር እንዲህ ያለውን የሚሰበስብ ሰው አለኝ» አለ። ጋሽ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ምንነቷን ያወቀላት ሰው ያን ዕለት ገና ማግኘታቸው ነው።

«ሰውየው ይጫወታል?» አሉት።

«ኧረ በጭራሽ! ከእንግዲህ ባትነካ ነው የሚሻለው። እጅ በነካት ቁጥር ዋጋዋ ይወርዳል።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ወላሂ፣ እኔ የምሸጠው በሬ ነው» አሉት፤ «አንተ የመጣኸው ለቆዳው ነው።»

ዘሃራ ያን ቀን አለቀሰች። እኔም አልዋሽም፣ «እኚህ ሰውዬ አበዛቸው» ብያለሁ። ከተማውም «ጋሽ ይመር ጃጁ» ማለት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ቢሰሙም አልሞቃቸው አልበረዳቸው።

ሦስተኛው ደጀኔ ነው። ደጀኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ጀውሃ መኪናውን አቁሞ ምሳ ሲበላ ወሬውን ሰምቶ፣ ዘይት በነካው ሱሪ፣ በነጠላ ጫማ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ጊታር የሚሸጥ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ። ድምፁ የሚፈራ ሰው ድምፅ ነው።

«እጅህን» አሉት።

ዘረጋ። የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ እንደ ተረከዝ ደርቋል፤ በመሐሉ የሽቦ ምልክት ተሰምሮበታል። ጋሽ ይመር ያንን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

«ከጀመርክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሰባት። አንዲት አሮጌ የሽቦ ጊታር አለችኝ። ጋቢና ውስጥ ነች፤ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጎማ ሲሠራልኝ፣ እነካካታለሁ።»

«ያዛት።»

ተጫወተ። እኔ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ክፉ መጫወቱ ግን እኔንም አልጠፋኝም። ጋሽ ይመር እንደ ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስ «ትገድላታለህ» አሉት። ደጀኔ ጊታሯን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሊነሳ ሲል፣ «ቆይ እንጂ» አሉ፤ «በየቀኑ ነው የምትገድላት?»

«በየቀኑ።»

«ወደፊትም?»

«ካልነካካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው ትማራለህ።»

ዋጋዋን ጠሩለት። ባለ ሆቴሉ ካለው እኩሌታውን አይሞላም፤ ደጀኔን ግን ላብ አጠመቀው። ገንዘቡ ሁለት ጎማ ሊቀይርበት ያጠራቀመው ነበር፣ ያለቀለት ጎማ ይዞ ነው ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው። «ትንሽ ቀነስ ቢያደርጉልኝ...» አለ።

«ካላመመህ አልሸጥልህም» አሉት። አወጣና ከፈለ።

እስከዚህ ድረስ ከጋሽ ይመር ጋር ነኝ። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ግን ስህተት ነበር። መቃኛዎቿን እያዞሩ ስድስቱንም ክሮች ያላሉ፣ አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር።

«ጋሼ፣ ክሯን ምን እያደረጉ ነው?» አለ ደጀኔ።

«ገመድ አይሸጥም። በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል፤ ካልሆነ በረካው ከበሬው ጋር ይሄዳል። ገመድ ይዞ የሚመጣው ገዢው ነው። አባትህ አላስተማሩህም?»

«አባቴ በሬ አልነበራቸውም» አለ ደጀኔ።

እኔ አልቻልኩም። «እንዲህ ያለ ክር ሮቢት ውስጥ ከየት ይመጣል ጋሼ? የሽንኩርት ጆንያ መስፊያ ሲባጎ ይስቀልባት?»

«እኔ አርባ ዓመት ከየት አመጣሁ? ይፈልግ!»

ደጀኔ ምላስ የሌላትን ጊታር በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ሄደ። ጋሽ ይመር ስድስቱን ክሮች ጠምጥመው ከበሩ አጠገብ፣ ድሮ የአባታቸው የበሬ ገመድ ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር ላይ ሰቀሏቸው። በርጩማቸውን ግን ያን ዕለት አላወጡም። በማግስቱም አላወጡም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሽንኩርት ላስጭን ጀውሃ ሄድኩ። መኪኖቹ በሚቆሙበት፣ ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሲፋጭ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ደጀኔ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ጊታሯ ጭኑ ላይ ናት፤ የተሰቀለባት ሽቦ ነው። ጋሽ ይመር ስንት ጊዜ ነግረውኛል፤ እሷ የናይለን ናት፣ ሽቦ ጉልበቱ ክፉ ነው፣ ከጎተታት ክሮቹ ከታች የሚታሰሩባትን እንጨት ከደረቷ ይነቅለዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንጨቷ በኋላ ጠርዟ በኩል መነሳት ጀምራለች፤ ጥፍር ታስገባለች።

«ምን አደረግካት አንተ ሰው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ክር አጣሁ» አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «አዲስ አበባ ሁለቴ ወጥቼ፣ ጭነቱ ሲያጣድፈኝ ሳልፈልግ ተመለስኩ። በየቀኑ ብያቸዋለሁ፤ እንዴት ዝም ብላ ትደር? ከአሮጌዋ ፈትቼ ነው የሰቀልኩላት። ጥፋት ነው እንዴ?»

ቃሉን ሊጠብቅ ነው ያጠፋው። ቃሉን ያስገቡት ጋሽ ይመር ናቸው፤ ክሩን የከለከሉትም ጋሽ ይመር ናቸው።

ሮቢት ስመለስ ዘሃራ ነገሩን ሰምታ «እንዳትነግሪያቸው፤ ልባቸው አይችልም» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሌላውን ሰው ዋሽቼ አስተኛው ይሆናል፤ እሳቸው ግን ዝም ያልኩትን ራሱ የሚሰሙ ሰው ነበሩ።

«ሽቦ?» አሉ።

«ሽቦ።»

«እንጨቷስ?»

«ተነስታለች። አልተነቀለችም።»

ከዚያ ተነሱ፤ ሚስማሩ ላይ ያለውን ጥምጥም አወረዱ።

«አባዬ፣ ገመዱ ነው እኮ!» አለች ዘሃራ።

«አውቃለሁ።»

«ከቤት አይወጣም ያሉት እርስዎ ነዎት። በረካው...»

«በሬው እየታነቀ ገመድ ታቅፌ ልቀመጥ?» አሏት። ቀጥለው፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ሰምቼ የማላውቀውን ተናገሩ። «ሞኝነት ሠርቻለሁ።»

ጠራራ ፀሐይ ነው። ባጃጅ ተኮናትረን ወደ ጀውሃ ተጓዝን። ጥምጥሙን በቀኝ እጃቸው ይዘውታል። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም።

ጭነት ሲጠብቅ እዚያው የነበረው ደጀኔ ሲያያቸው ከጎማው ላይ ተነስቶ ቆመ። ሾፌሮቹ ጠብ የመጣ መስሏቸው ከበቡን። ጋሽ ይመር ጊታሯን ተቀበሉት፤ ሽቦዎቹን ፈጥነው አላሉ፤ የተነሳችውን እንጨት በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው መረመሩ።

«ናይለን ትሸከማለች» አሉ። «እሑድ መኪናህ ሲቆም ሙጫ አስገባባትና አስረህ አሳድራት።» ከዚያ ያ ሁሉ ሾፌር እየሰማ፣ «ደጀኔ፣ አፉ በለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሸጥኩልህ ጊታር ነው፤ በሬ መስሎኝ ነው።»

ደጀኔ አንገቱን ሰበረ። «አፉ ብያለሁ ጋሼ። ኧረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንተ አላጠፋህም። አትከራከረኝ!» አሉት። ይቅርታ ሲጠይቁም ይቆጣሉ።

ጎማው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጋሽ ይመር ጣቶች መቋጠር አይችሉም፤ ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ ደጀኔ ያስራል። «ዙር። እንደገና ዙር። ከሥር አሾልካት። አትጎትት፣ ለምናት።» ጥምጥሙ ከእጃቸው ላይ አንድ አንድ እያለ ተመናመነ። ስድስተኛው ሲሰቀል ባዶ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠረጉና ተነሱ። ቀና ብለው ነው የቆሙት፤ ያን ያህል ቀና ብለው ካየኋቸው ቆይቷል።

«ጋሼ» አለ ደጀኔ፤ «አርብ አርብ በሮቢት አልፋለሁ። ላምጣትና ልጫወትልዎ?»

እሺ እንዲሉ ፈጣሪን ለመንኩ። ሁለት ዓመት ዝም ያለ ግቢ ነው ያለን።

«ሸጬልሃለሁ እኮ!» አሉት። «የተሸጠ ነገር የድሮ ጌታው ደጅ አይመላለስም። ሥራ አለህ፤ መኪናህን ንዳ፣ ማታ ማታ ተጫወት። የእኔ ጆሮ አያስፈልግህም።»

ባጃጁ ውስጥ ገባን። ሳንነሳ ደጀኔ ጀመረ። ባቲ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እየፈራ። ያ የቆርቆሮ ድምፅ ጠፍቶ የዱሮ ድምጿ ወጣ። ነጂው ሞተሩን አስነስቶ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጋሽ ይመር ፊት ፊታቸውን፣ አስፋልቱን ብቻ ነው የሚያዩት። ደጀኔ አንድ ቦታ ላይ ሳተ። ተመልሶ ሞከረ፤ እዚያው ቦታ ሳተ። ጋሽ ይመር ጥርሳቸውን ነከሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲስት የነጂውን ትከሻ በጥፊ መቱት፤ ባጃጁ ሲጥ ብሎ ቆመ። ወገባቸው እስኪታይ ወደ ውጭ ወጡና፣ ሐኪም «እንዳይጮሁ» ባላቸው በዚያ ልባቸው፣ ጀውሃ ሙሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ቀለበት ጣትህን አንሳት! አንሳት አንተ! ምን ታስተኛታለህ!»

ሾፌሮቹ በሳቅ ወደቁ። ደጀኔ ደንግጦ ጣቱን አነሳ፤ ያችን ቦታ እንደገና ያዛት፤ አለፋት። ጋሽ ይመር አዳምጠው እስኪጨርሱ ድረስ እንደወጡ ቆዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ሽርጣቸውን አስተካከሉና ነጂውን፣ «ምን አገተረህ?» አሉት። «ንዳ!»